ቀፊራ ሞልቶ ጓዳ ሲጎድል



ያለፈውን የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ያሳለፍነው በድሬዳዋ ነው። አካሄዳችን ለመዝናናት ሳይሆን አክስታችንን ለመጠየቅ ነበር። ከልጅነታችን ጀምሮ ያሳደጉን፣ ጧት መድረሳ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቀለም ትምህርት ቤት እየላኩ ለወግ ያበቁን እርሳቸው ናቸውና፣ መምህር ከሆንን ወዲህ በዓመት አንድ ጊዜ ሄደን ካላየናቸው ልባችን አያርፍም። ታዲያ በዚህኛው ጉዞ ያየነው ነገር ከቤተሰብ ወሬነት ያለፈ ሆኖ ስላገኘነው ለእናንተም ልናካፍላችሁ ወደድን። አክስታችን መጻፋችንን ቢያውቁ ይቆጡን ይሆናል፤ ስለዚህ ስማቸውንም ሰፈራቸውንም አንጠራም።

አውቶቡሳችን ከአዲስ አበባ የተነሣው ጎህ ሳይቀድ ነው። አዳማንና አዋሽን አልፎ ሚኤሶ ላይ የቆላውን ሙቀት አቀመሰንና ወደ ጭሮ ተራሮች መውጣት ጀመረ። የሐረርጌን ደጋ ለማያውቅ ሰው ይህ መንገድ ያስደንቃል። ከጭሮ እስከ ሂርና፣ ከሂርና እስከ ቁልቢ ዳገቱ በእርከን ተሸንሽኖ ከእግሩ እስከ አናቱ ታርሷል። የታረሰው ሁሉ ግን እህል እንዳይመስላችሁ። አጠገባችን የተቀመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ በመስኮቱ እያሳዩ «ይኸ ጫት ነው፤ ያም ጫት ነው፤ በጫቱ መሐል የቆመው አገዳ የማሽላ ነው» አሉን። ማሽላው በገዛ መሬቱ የጫት እንግዳ ሆኗል። እርሳቸው አላዘኑበትም። ከጥቂት መደዳ ጫት የሚያገኙት ገንዘብ ከማሽላው እንደሚበልጥ፣ በገንዘቡም ልብስና እህል እንደሚገዙ በእርጋታ አስረዱን። ጫትን መውቀስ ከከተማ ለሚመጣ ሰው ቀላል ነውና እኛም ዝም አልን። ነገር ግን አንድ ጥያቄ በልባችን ቀረ፤ አራሹ ራሱ እህል ሸማች ከሆነ የከተማው ሰው ምን ሊሆን ነው?

ገበሬው ወደ መውረጃቸው ሲቃረቡ ስለ ጉድጓድም አጫወቱን። በሐረርጌ ገጠር ማሽላ በመሬት ውስጥ ተቆፍሮ፣ ግድግዳው ተለስኖ፣ አፉ ታሽጎ ይቀመጣል። ክፉ ወር ሲመጣ ይከፈታል። ጉድጓድ ያለው ሰው በመስከረም ገበያ አይደነግጥም አሉን።

ከደንገጎ ቁልቁል ሲወረድ ካፖርት ይወልቃል። ቁልቁለቱን የምንወርደው ከጭነት መኪኖች ጋር ተሰልፈን ነው። ጎመን፣ ድንች፣ ሽንኩርትና ካሮት የጫኑት መኪኖች ከሐሮማያና ከኮምቦልቻ በኩል የሚመጡ ናቸው (ይህ የሐረርጌው ኮምቦልቻ ነው፤ የወሎው እንዳይመስላችሁ)። ድሬዳዋ አትክልቷን የምታገኘው ከዚህ ደጋ ነው። የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መገባደጃ ላይ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆኖ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውኃ ተመልሶበት ስናይ ሱብሐነላህ ብለናል። ሐይቁ በደረቀበት ዘመን ገበሬው ጉድጓድ እየቆፈረ በሞተር ውኃ ይስብ ነበርና፣ የነዳጁ ዋጋ በድሬ ገበያ በቲማቲሙ ላይ ይታከል እንደነበር አክስታችን ዛሬም ያወሳሉ።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ በ1895 ዓ.ም. ከግርጌው ቆመ፤ በቆመበትም ቦታ ከተማ በቀለ። የደቻቱ አሸዋማ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። በአንዱ ወገን ከዚራ በቀጥተኛ መንገዶቹና በዛፎቹ ጥላ፣ በሌላው ወገን መጋላ በጠባብ መንገዱና በገበያው ይታወቃሉ። ከተማዋ እህል ስለሚበቅልባት አልተቆረቆረችም። በአስተዳደሩ ሥር ያሉት የገጠር ቀበሌዎች እንኳ ዝናብ የሚያጥራቸው በመሆኑ፣ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የገጠር ልማታዊ ሴፍቲኔት ውስጥ የታቀፉ ናቸው። ስለዚህ ድሬ የምትበላው ሁሉ በመንገድ የመጣ ነው። አትክልቱ ከደጋ፣ ጤፉ ከመሐል አገር፣ ወተቱና ሥጋው ከሺኒሌ በኩል ካሉት አርብቶ አደሮች፣ ሩዙና ዘይቱ ደግሞ ከባሕር ማዶ በጅቡቲ በኩል ይመጣል።

እሑድ ማታ ስንደርስ አክስታችን በተለመደው ፈገግታቸው ተቀበሉን። ሩዝ በሥጋ፣ ሰላጣ፣ ሙዝ ቀረበ። ብዙ በላን። ልጆቹም በሉ። ሥጋው ላይ ያለቅጥ ዓይናቸውን እንደተከሉ ያየነው ይመስለናል፤ ግን ልጅ ሁሌም ሥጋ ይወዳል ብለን አለፍነው።

ሰኞ ጧት ቁርስ ሲቀርብ አክስታችን አልተቀመጡም። «ጿሚ ነኝ» አሉን። የሰኞና የሐሙስን ሱና ጾም ከድሮም ይወዱ ነበርና ደስ አለን፤ አላህ ይቀበልዎ ብለን ፉላችንን በፈጢራ በላን።

ማክሰኞ ወደ ቀፊራ ወረድን። ቀፊራን በጧት ያላየ ሰው ድሬን አየሁ አይበል። ከገጠር የመጡ የኦሮሞ ሴቶች ቅርጫታቸውን ዘርግተው፣ የሱማሌ እናቶች የግመል ወተት ዕቃቸውን ተደግፈው፣ ቅመም ሻጮች አብሹን፣ እርዱንና ሄሉን በየከረጢቱ ከምረው ተቀምጠዋል። በአንድ ገበያ አራት ቋንቋ ይሰማል፤ አንዷ ሻጭ ለአንዱ ገዥ በኦሮምኛ፣ ለሚቀጥለው በሱማልኛ፣ ለእኛ በአማርኛ ዋጋ ትናገራለች። በአንቱታም አይጨነቁም፤ ድሬ ላይ ሽማግሌውም ሕፃኑም «አንተ» ነው። ወሩ ጥር ነበርና አዲስ ማሽላ ገብቷል፤ ኩንታሉ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ሽንኩርቱ ቀይ ተራራ ሠርቷል። በዚህ ገበያ መሐል ቆሞ ስለ ረሃብ የሚያወራ ሰው እብድ ይመስላል።

አክስታችን በዚህ አካባቢ በአሸዋ ገበያ የበርበሬና የአብሽ መደብ ነበራቸው። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ም. ደቻቱ ሞልቶ ከተማዋን ሲመታ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ስንት ነጋዴ ባዶ እጁን ቀረ! የአክስታችንም መደብ ከነከረጢቱ ሄደ። እርሳቸው ነፍሳቸው በመትረፏ አልሐምዱሊላህ ብለው ወደ መደቡ አልተመለሱም፤ መነሻውም አልነበራቸውም። ያን ጊዜ ቤቱን ያቆመው በባቡር ጥገና ወርክሾፕ ይሠሩ የነበሩት ባላቸው ደመወዝ ነው። ይሁን እንጂ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር መመላለሱን አቆመ። ባቡሩ ለድሬ ደመወዝ ብቻ አልነበረም። ወደ ጅቡቲ አትክልት ይዘው የሚወርዱ፣ ከዚያም ጨርቅና ሩዝ ይዘው የሚመለሱ ሴቶች እንጀራ ነበር። እኛም በልጅነታችን የፉርጎውን ፉጨት ሰምተን ወደ ጣቢያው እንሮጥ እንደነበር አንረሳውም። አሁን ያለው የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ሥራ ጀምሯል፤ ትልቅ ነገር ነው፤ ጣቢያው ግን ከከተማው ውጭ ነው፤ የተሠራውም ለኮንቴነርና ለረጅም መንገድ ነው። ቅርጫት ለያዘች ሴት በየመንደሩ አይቆምም።

የባቡሩ ሠራተኛ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ አኼራ ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው። ለአክስታችን የቀረላቸው የባላቸው ጡረታ ግማሽ ነው። ቤቱ ውስጥ አራት ነፍስ አለ፤ እርሳቸው፣ ልጃቸው (እህታችን እንላታለን)፣ ሁለት የልጅ ልጆች።

እህታችን ሳዑዲ ዐረቢያ ሠርታለች። የምትልከው ገንዘብ ለቤቱ ሁለተኛ ምሰሶ ነበር። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ሲመለሱ እርሷም አንዷ ሆና በአንድ ሻንጣ ተመለሰች። አሁን ከዐስር በኋላ በር ላይ ሰንቡሳ ትጠብሳለች። «ቤታችንን የሚያስተዳድረው ዘይት ነው» አለችን እየሳቀች። ቀልድ መስሎን ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዘይትና ሩዝ ከውጭ ለምታስመጣ ከተማ ይህ የባንክ ወሬ ብቻ ሆኖ አይቀርም። እህታችን ሰንቡሳዋን አሳነሰች፤ ገዢዎቿ አጉረመረሙ፤ መልሳ ብታሳድገው ትርፉ ጠፋ። «ሳይሸጥ የቀረ ቀን ልጆቹ ይጠግባሉ፤ ተሽጦ ያለቀ ቀን ገንዘብ አለ፤ ሁለቱ አብረው የመጡበት ቀን ጥቂት ነው» ስትለን ሳቋ አልነበረም።

ማክሰኞ ከቀፊራ ስንመለስ ምሳ ቀረበልን። አክስታችን አሁንም ጿሚ ነበሩ። «ሰኞ አልነበረም እንዴ የጾሙት?» አልናቸው።

«ከረመዷን የቀረብኝ ቀዷ አለ» አሉን።

ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ባለፈው ረመዷን ታመው እንደነበርም እናውቃለን። አመንናቸው። ረቡዕ ጧትም ጿሚ ነበሩ።

ነገሩን የገለጠው የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ነው። የሒሳብ የቤት ሥራውን ስናሠራው፣ መምህር አመሉን አይተውምና፣ «እማማ በሳምንት ስንት ቀን ብትጾም በወር ስንት ቀን ይሆናል?» የሚል ጥያቄ በጨዋታ አቀረብንለት። ልጁ እርሳሱን ወደ አፉ አስገብቶ ጥቂት ዐሰበና «እሱ አይቆጠርም፤ እማማ የምትጾመው ጡረታው ሲያልቅ ነው» አለን።

ምን እንደተሰማን ለመግለጽ ያስቸግረናል። የእሑዱ ሥጋ፣ የእሑዱ ሩዝ፣ ሙዙ ሳይቀር በጉሮሯችን ተመለሰ። ያ ሁሉ በዱቤ እንደመጣ እህታችንን በጓዳ ጠርተን ጠየቅናት፤ ዝም አለች፤ ዝምታዋ በቂ ነበር። በጾማቸው ውስጥ ኒያ የለም ለማለት አንደፍርም፤ ያ በአላህና በእርሳቸው መካከል ያለ ነው። ነገር ግን ወሩ ሲጋመስ የአንድ ሰው ድርሻ ከገበታው መነሣት ነበረበት፤ የእርሳቸው ድርሻ ማንም ሳይጠይቅ፣ ማንም ሳያፍር በክብር ሊነሣ የሚችልበት መንገድ ይህ ሆነ።

ኮሌጅ ሳለን አንድ መምህራችን ስለ ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርቲያ ሴን አስተምረውን ነበር። እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት የእኛኑ የወሎን ረሃብ መርምረዋል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ገበሬው ሲያልቅ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር፤ ይልቁንም ከወሎ እህል ወደ ውጭ ይወጣ ነበር። ሰዉ የሚሸጠውም የሚገዛበትም አልቆበት ስለነበር እህሉ ገዢ ወዳለበት ሄደ ማለት ነው። ለፈተና ሸመደድነው፤ ጥሩ ውጤትም አገኘንበት። በ1996 እ.ኤ.አ. በሮም የተሰበሰበው የዓለም የምግብ ጉባኤም የምግብ ዋስትናን ሲተረጉም፣ እህል መኖሩን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ሰው ሁልጊዜ ሊደርስበትና ሊገዛው መቻሉን ጨምሮ ነው። ይህንንም ጽፈን ነበር። በአክስታችን ቤት ግን፣ በዚያ ትንሽ ግቢ፣ አላወቅነውም።

እንግዲህ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከእህታችን ጋር ወረቀት ይዘን ተቀመጥን። ገንዘቡ የት እንደሚሄድ በመስመር በመስመር ጻፍን። ድኻ ቤት ገንዘብ አያያዝ አያውቅም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ያን ወረቀት ቢያዩ ያፍራሉ። የሚባክን ሳንቲም የለም። ጉዳቱ ያለው ከአገዛዙ ላይ ነው። ጡረታው ሲመጣ መጀመሪያ የሚከፈለው የሱቅ ዱቤ ነው። ከዚያ የሚተርፈው ኩንታል አይገዛም። ስለዚህ ማሽላው በኪሎ፣ ዘይቱ በላስቲክ ተቋጥሮ፣ ስኳሩ በሲኒ፣ ሽንኩርቱ በመደብ ይገዛል። እንበልና ባለሱቁ አንድ ሊትር ዘይት በ20 ላስቲክ ቢቋጥርና በእያንዳንዱ ቋጠሮ ላይ 1 ብር ብቻ ቢጨምር፣ በሊትር 20 ብር ሆነ። ባለ5 ሊትሩን ጀሪካን የሚገዛ ሰው ያንን 100 ብር አይከፍልም። የሚከፍለው 5 ሊትር የመግዛት ዐቅም የሌለው ነው። ባለሱቁን አንወቅሰውም፤ ላስቲኩንም ይገዛል፣ ዱቤውንም ይጠብቃል፣ የማይከፍለውም አለ። ደግሞም ባለዱቤ ሸማች ሌላ ሱቅ ሄዶ ዋጋ መከራከር አይችልም፤ ዕዳው አንገቱን ይዞታል።

ከሰሉንም ጻፍነው። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ባቄላና ምስር ርካሽና ገንቢ ምግብ እንደሆነ ለተማሪዎቻችን ስናስተምር ኖረናል፤ ለመቀቀል የሚፈጀውን ከሰል ግን አስተምረን አናውቅም። ከሰሉም እንደ ዘይቱ በትንሽ በትንሹ ነው የሚገዛው። የድሬ ውኃ ደግሞ ጨው የበዛበት፣ ድስትና ጀበና ላይ ነጭ ቅርፊት የሚጋግር በመሆኑ፣ በእንዲህ ያለ ውኃ ጥራጥሬ ቶሎ አይበስልም። እህታችን «ባቄላ ከምቀቅል ዳቦ ብገዛ ይቀለኛል» ያለችው ስንፍና ሆኖ እንዳይታያችሁ፤ ሒሳቡን ሠርታዋለች።

በ2000 ዓ.ም. የኑሮ ውድነት ጊዜ፣ በክረምቱ የአገሪቱ ዓመታዊ የዋጋ ግሽበት ከ60 በመቶ በላይ በደረሰበት ወቅት፣ ይህ ቤት እንዴት እንዳለፈ ጠየቅን። ያን ጊዜ ሦስት ገቢ ነበር፤ ደመወዝ፣ ሳዑዲ፣ ጥቂት የቤት ኪራይ። አሁን ኪራዩም የለም፤ የተከራየችው ክፍል ጣሪያዋ ወርዷል። ዋጋው ያን ጊዜም ከባድ ነበር፤ ግን አንዱ ገቢ ሲጎድል ሌላው ይዞት ነበር።

ከግድግዳው ማዶ ያሉት ጎረቤት ሌላ ዕድል ገጥሟቸዋል። በ2009 ዓ.ም. የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ11 ከተሞች ሲጀመር ድሬዳዋ አንዷ ነበረች። እርሳቸው ተመለመሉ፤ አክስታችን አልተመለመሉም፤ ጡረታ አላቸውና። ጎረቤት ለሦስት ዓመት መንገድ ጠረጉ፣ ችግኝ ተከሉ፤ ከሚከፈላቸው አምስተኛውን እጅ እንዲቆጥቡ ይደረግ ነበር። ሲጨርሱ ምጣድ በኤሌክትሪክ ገዙ። ዛሬ ማሽላን ከሩዝና ከጤፍ ቀላቅለው እንጀራ ይጋግራሉ። አክስታችንም እንጀራ በፍሬ ከእርሳቸው ይገዛሉ፤ መብራት የጠፋ ቀን ሁለቱም ቤት ይጾማል። ያ ፕሮግራም ጥሩ ሠርቷል ብለን እንመሰክራለን፤ ግን በትንሽ ጡረታና በትንሽ ንግድ መካከል የተንጠለጠለ ቤት፣ ለመመልመል ያልደኸየ፣ ለመግዛት ያልበለጸገ ሆኖ በወንፊቱ መሐል ይወድቃል። በእኛ ሰፈር ያለው ሰው አብዛኛው እንዲህ ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

ረመዷንን ጠየቅናቸው። በረመዷን ሾርባ ያልገባበት ቤት የለም፤ መግሪብ ሲል ሳህን ከግቢ ግቢ ይመላለሳል። ጎረቤት «በረመዷን ማን ይራባል!» አሉን፤ ከዚያም ጥቂት ዝም ብለው «አሥራ አንዱ ወር ነው እንጂ» አሉ።

ማታ በመድረሳ የተማርነውን የነቢዩላህ ዩሱፍን ታሪክ ስናስብ አደርን። ሰባቱን የጥጋብ ዓመት እህሉን ከነዛላው አኑሩት ብለው ያዘዙበትን ነው። የጭሮው ገበሬ በጉድጓዳቸው ያን ሥርዓት ሳያውቁት ይዘውታል። የአክስታችን ቤት ጥር ላይ፣ ማሽላ በሚረክስበት ወር፣ ከቀፊራ ጥቂት ርቀት ላይ ሆኖ አንድ ጆንያ ማኖር አልቻለም። በመስከረም እህሉ ሲወደድ ደግሞ ያው አንድ ኪሎ ይገዛል።

እኛስ? በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለኢድ አል ፊጥርና ለኢድ አል አድሓ፣ ገንዘብ እንልካለን። ሰው ሁሉ የሚልክበት ጊዜ ነው፤ የሚላከውም ለልብስና ለሥጋ ነው፤ ዋጋውም የሚንርበት ሳምንት ነው። በቀሪው ዓመት ስልክ እንደውላለን፤ «እንዴት ናችሁ?» እንላለን፤ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን» ይሉናል፤ እኛም አልሐምዱሊላህ ብለን ስልኩን እንዘጋለን።

ያንኑ ረቡዕ ከዐስር በኋላ ወደ ቀፊራ ተመለስን። ኩንታል ማሽላ ልንገዛ ነበር ዐሳባችን፤ የመምህር ደመወዝ ነውና ኪሳችን ተከራከረን፤ የመመለሻ ቲኬትም ነበረብን። በመጨረሻ ከጎረቤትና ከሌሎች ሁለት ቤቶች ጋር ተነጋግረን ኩንታሉን በጋራ ገዛነው፤ 50 ኪሎው የአክስታችን፣ የቀረው የእነርሱ። በኩንታል ስንገዛ በኪሎ ከሚገዙት ያተረፍነው ልዩነት የጋሪውን ኪራይ ከፍሎ ለእህታችን ዘይት መግዣ ተረፈ። ጎረቤት በጣም ተደስተው ይህን ለምን እስከ ዛሬ አላደረግነውም ሲሉ፣ እህታችን «አራታችንም ገንዘብ በአንድ ቀን ይዘን አናውቅማ» አለቻቸው።

አክስታችን ግን ጋሪው በር ላይ ሲቆም ተቆጡ።

«እንግዳ ሆነህ መጥተህ እህል ትሸምታለህ? ምን ጎደለ ተብሎ?»

«ለጎረቤቶቹ ነው፤ ቦታ ስለሌላቸው እዚህ ይቀመጥ ብለን ነው» አልናቸው። ውሸት ነው፤ አላህ ይማረን።

«አቦ ተወኝ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ትንሽ ቆይተው ግን ጆንያው መሬት እንዳይነካ ሁለት ሳንቃ ከጓዳ አውጥተው ለልጁ ሰጡት። ነቀዝ እንዳይገባው ምን ማድረግ እንደሚገባ ለእህታችን ሲያስረዱ ድምፃቸው የድሮ ነጋዴ ድምፅ ሆነ፤ እህሉን በመዳፋቸው ዘግነው አሸቱት፣ አንዷን ፍሬ ነክሰው መድረቁን መረመሩና ወዲያው ጾማቸው ትዝ ብሏቸው ወደ ውጭ ተፉት።

ልጁ ከእኛ የተማረውን ሒሳብ በጆንያው ላይ ሞከረው። ለ4 ሰው በቀን 1 ኪሎ ተኩል ቢሆን 50 ኪሎው 33 ቀን ይበቃል። «ከዚያስ?» አለን። ለእህታችን የነገርናትን ነገርነው፤ የኢዱን ገንዘብ ከፍለን በታኅሣሥና በጥር፣ እህል ሲረክስ እንልካለን፤ ያም ለኩንታሉ ድርሻ ይሆናል። ልጁ በጣቱ ቆጠረ፤ ከአሁን እስከሚቀጥለው ታኅሣሥ 10 ወር ከምናምን ሆነበት። መልስ አልነበረንም፤ በየወሩ ትንሽ እንጨምራለን አልነው፤ እርሱም ይህን በደብተሩ ጥግ ላይ ጻፈው።

አውቶቡሱ የሚነሣው በነጋታው ገና ሳይነጋ ነበር። አክስታችን ከእኛ በፊት ተነሥተው ሻይ አፍልተው፣ ከማታው እንጀራ በላስቲክ ጠቅልለው ለመንገድ አዘጋጅተው ጠበቁን። ፈጅርን ከሰገድን በኋላ አንድ ብርጭቆ ብቻ ቀድተው ከፊታችን አኖሩ። ሐሙስ ነበርና አልጠየቅናቸውም።